ሽማግሌ የላክን ጊዜ

አንድ ግቢ አሥራ ስድስት ዓመት ስኖር ተከራይ መሆኔን እየረሳሁት ነበር። የስፌት መኪናዬ በረንዳው ላይ ናት። የዩኒቨርሲቲው ልጆች ሱሪ ሊያሳጥሩ ሲመጡ "ታቢታ ጋ" ነው የሚሉት፤ የአከራዬን የአለሙን ስም የሚያውቅ እንኳ የለም። ይኼ በረንዳ ከሄደ እንጀራዬም አብሮ ሄደ። በዚህ ዕድሜዬ ከተማው ዳር ቱላ ወርጄ አዲስ ደንበኛ ላፈራ? ደክሞኛል።

አለሙ ኪራዩን በእጥፍ መጨመሩን የነገረን በስልክ ነው። ግድግዳ ለግድግዳ እየኖርን! ካልተስማማችሁ በወሩ መጨረሻ ልቀቁ አለ። በግቢው ተከራይ እኔና ሀያት ብቻ ነን። ሀያት ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች፤ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው ብቻዋን ነው።

ልጅቷ ቀልጣፋ ናት። በነጋታው ራፖር ጸሐፊ ጋ ሄዳ፣ ጭማሪውን የሚቃወም ማመልከቻ ለክፍለ ከተማው ቢሮ በሁለታችን ስም አጽፋ መጣች። የቀረው የእኔ ፊርማ ነበር። እኔ ግን፣ ምላሴን በቆረጠው፣ ነውር ነው አልኳት። የአለሙን ልጆች አዝዬ ያሳደግሁ፣ ለእናቱ ለቅሶ ሦስት ቀን ድንኳን የተቀመጥሁ ሰው እንዴት ብዬ ነው ዘልዬ የምከሰው? መጀመሪያ ሽማግሌ እንላክበት አልኩ። እንደ እናቷ ስለምታየኝ ብዙም አልተከራከረችኝ። ማመልከቻዋን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የእድራችንን ዳኛ አቶ ወንድሙን ከሌሎች ሁለት አዛውንቶች ጋር ለመንኩ። እሑድ ከሰዓት አለሙ ሳሎን ተቀመጥን። ሀያት ሥራ ነበረች፤ የሷንም ቃል ይዤ የገባሁት እኔ ነኝ። አለሙ ኑሮው ተወደደ፣ ሲሚንቶው ተወደደ አለ። አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ! እኔም አሥራ ስድስት ዓመቴን ዘረዘርኩ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሲያዳምጡኝ ደስ አለኝ።

ከዚያ አቶ ወንድሙ በሰፈሩ አንድ ክፍል ስንት እንደሚከራይ ጠየቁ። አንደኛው ሽማግሌ እሳቸው የጨመሩት ጥር ላይ መሆኑን ተናገሩ። ሌላኛው የራሳቸውን ዋጋ ጠሩ፣ አቶ ወንድሙም የጓሯቸውን ክፍሎች። የገባኝ ያኔ ነው፤ ሦስቱም አከራዮች ናቸው። ከየት ላምጣ ታዲያ? በሰፈራችን ሽማግሌ የሚባለው ባለቤት ነው። ተከራይ አርጅቶ እስኪከበር ድረስ አንድ ቦታ ማን ያስቀምጠዋል?

ጭማሪው ይጋመስ፣ ተከራዮቹም ክስ፣ ቢሮ የሚባል ነገር አያንሱ ብለው ፈረዱ።

አቶ ወንድሙ፣ "የላክሽው ሽማግሌ እንዳያፍር፣ እሺ በይ ታቢታ" አሉኝ።

ራሴ የላክሁትን ሽማግሌ በምን አፌ እምቢ ልበል? ተነሥቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። እሺ አልኩ። ግማሹን ጭማሪ እኔ እሑድም ሰፍቼ እከፍለው ይሆናል፤ ሀያት ግን እንደማትችል እያወቅሁ ነው እሺ ያልኩት።

ስመለስ ሀያት ከሥራ ገብታ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋትና ሁሉንም ነገርኳት።

"እሺ ያሉት ለራስዎ ነው ወይስ ለእኔም?"

"ለሁለታችንም።"

ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። የያዘችውን የልጅ ሹራብ ጨምቃ አሰጣችው። ማመልከቻውን ብቻሽን አስገቢው፣ ሽማግሌዎቹ እኔን ይርገሙኝ ብዬ ለመንኳት። እርስዎን በእድር ፊት ማዋረድ አልፈልግም አለች።

"ይበቃል እትዬ። እኔም ደክሞኛል።"

በሳምንቱ ቱላ አንድ ክፍል አገኘች። ከዚያ ሆቴሉ ድረስ በምን እንደምትመላለስ ልጠይቃት ፈልጌ አፈርኩ። ፍራሹን ባጃጁ ላይ አብሬያት አሰርኩ፤ ልጆቿ ስመውኝ ሄዱ።

እኔ በረንዳዬ ላይ ቀረሁ። ሰኞ ዕለት አለሙ የሀያትን ክፍል መጀመሪያ እኛን በጠየቀን በዚያው እጥፍ ዋጋ አከራየው። አዲሱን ተከራይ ይዘውለት የመጡት አቶ ወንድሙ ናቸው።