የሚናሴ ቦይና «እናጠናዋለን» የምትለው ቃል

እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1994፣ ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ በጃፓን የሚናሴ ከተማ የላይኛው ሰፈር ማኅበር ሊቀመንበር ኢሶጋይ ታሞትሱ፣ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር በማዘጋጃ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወገባቸውን አጥፈው እጅ ይነሱ ነበር።

ጉዳያቸው ቦዩ ነበር። ከተራራው ወርዶ በመንገዳቸው መካከል የሚያልፈው ቦይ በኮንክሪት ተከድኖ የመኪና መንገድ እንዲሆን፣ የሰፈሩ ሱቆችም ተዘግተው በአውራ ጎዳናው ዳር አንድ ትልቅ መደብር እንዲሠራ ታቅዶ ነበር። ማኅበሩ የሚለው ሌላ ነው፦ ቦዩ ክፍቱን ይቆይ፤ አዳዲስ ቤቶች በባቡር ጣቢያው አጠገብ ካሉት ሱቆች በላይ ፎቅ ሆነው ይሠሩ፤ ሰው በእግሩ ሄዶ ገዝቶ ይመለስ፤ በአውራ ጎዳናው ዳር ያለው የሩዝ ማሳም የመኪና ማቆሚያ አይሁን። ለኢሶጋይ ነገሩ የፕላን ክርክር ብቻ አልነበረም። ባለቤታቸው ፉሚዬ ጉልበቷን ያማታል፤ መኪናም አትነዳም። በቦዩ ዳር ተራምዳ፣ ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር እርጎ እስከምትሸጠው ሴት ድረስ መሄድ ባትችል፣ ከቤት የሚያስወጣት ምክንያት አይኖርም።

አዲሱ የፕላን ክፍል ኃላፊ ኒሺዋኪ፣ በቅርቡ ተዛውሮ የመጣ ወጣት፣ ሁሉንም በጥሞና ከሰማ በኋላ፣ «በበጎ መንፈስ እናጠናዋለን» አላቸው።

አዛውንቶቹ አመስግነው ወጡ። ደረጃው ላይ ሲደርሱ ቶፉ ሻጯ ኦካኖ ሃትሱ ግድግዳውን ተደገፈች።

«በቃ፣ አለቀልን።»

«አለቀልን ትላለች እንዴ? ቀበሩን እንጂ!» አለ ብስክሌት ጠጋኙ ሙኔካታ። «‹እናጠናዋለን› ብቻ ቢል እንኳ አንድ ነገር ነው። ‹በበጎ መንፈስ› ሲጨምርበት አልሰማሽም፣ ሃትሱ? እንዲህ ያለ እምቢታ ከተወለድኩ ሰምቼ አላውቅም።»

በሚናሴ «አይሆንም» ያለ ባለሥልጣን ታይቶ ስለማይታወቅ፣ «እናጠናዋለን» የተባለ ጉዳይ ሁሉ እንደሞተ ይቆጠር ነበር። ስለዚህ ሙኔካታን ማንም አልተከራከረውም፤ ኢሶጋይም ጭምር።

ሰኞ ጠዋት ኒሺዋኪና ሠራተኞቹ የመለኪያ ዘንግ ይዘው ሲመጡ፣ አዛውንቶቹ ወንበሮቻቸውን ቦዩ ውስጥ ደርድረው፣ እግራቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው፣ ጃንጥላ ዘርግተው ጠበቋቸው።

«እባካችሁ ተነሡልኝ፤ ልንለካው ነው» አለ ኒሺዋኪ ከዳር ቆሞ።

«ለሬሳ ሣጥኑ ነው የምትለካው?» አለች ሃትሱ።

«ኧረ ክፍቱን እንዲቆይ ነው! ዓርብ ዕለት አልነገርኳችሁም? እናጠናዋለን ብዬ!»

«እሱንማ ሰምተናል፣ ልጄ። ማጥናት ምን ማለት እንደሆነ አንተ ሳትወለድ ነው ያወቅነው።»

«ማጥናት ማለት ማጥናት ነው!» ብሎ ጮኸ።



«ይሄ ልጅ የት ነው ያደገው?» ሲል ሙኔካታ አንሾካሾከ።

«ደሴት ነው አሉ» አለች ሃትሱ። «እዚያ ነፋስ ስለሚበዛ አጭር አጭሩን ነው የሚያወሩት።»

ኒሺዋኪ ጫማውን ሳያወልቅ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ወደ ሊቀመንበሩ ቀረበ። የከተማው ምክር ቤት የሚሰበሰበው በማግስቱ መሆኑን፣ ልኬቱ ዛሬ ካላለቀ የሚቀርበው አሮጌው ፕላን ብቻ መሆኑን እየተንተባተበ አስረዳቸው። ኢሶጋይ ካልሲው ሲበሰብስ ግድ ያልሰጠው ባለሥልጣን አይተው ስለማያውቁ አመኑት። ያን ጊዜ የፉሚዬን መንገድ የዘጋው የራሳቸው ወንበር መሆኑ ገባቸው።

ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጎረቤቶቼ፣ ምናልባት… የመነሣቱን ነገር ብናስብበትስ?»

«ሰማችሁ?» አለ ሙኔካታ በደስታ። «ሊቀመንበሩ ንቅንቅ የለም እያሉ ነው!»

ሁሉም ወንበሩን ወደ ጭቃው ተጫነው።

«እንደሱ እንኳ ሳይሆን፣ መቀመጡ ትንሽ የሚያስቸግር ይመስላል…»

«ቢያስቸግርም እንቀመጣለን ነው የሚሉት!» ጭብጨባ ሆነ።

ኢሶጋይ በፖስታ ቤት መስኮት ያረጁ ሰው ነበሩ፤ የጠፋን ጥቅል እንኳ «ጠፋ» ብለው አያውቁም፤ «ገና በጉዞ ላይ ነው» ይሉ ነበር እንጂ። ፉሚዬ ከደጃፏ ሆና ታያቸዋለች።

«አባቱ፣ ቃሉን ታውቀዋለህ እኮ!» አለቻቸው። «አጭር ነው!»

ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ተሳስቻለሁ!» ብለው ጮኹ። «ውጡ! አሁኑኑ ከውኃው ውጡ!»

ሰፈሩ በሙሉ ደነገጠ። የአንዱን ጃንጥላ ውኃው ይዞት ሲሄድ የተከተለው ሰው አልነበረም። ሙኔካታ «አመመዎት እንዴ?» ብሎ ግንባራቸውን ሊዳስስ እጁን ዘረጋ። በኋላ ግን አንድ በአንድ ተነሡ። እግራቸው ደንዝዞ መውጣት ያቃታቸውን ሠራተኞቹ በመለኪያው ዘንግ እየጎተቱ አወጧቸው።

ልኬቱ ሳይመሽ አለቀ። በማግስቱ ምክር ቤቱ በጠባብ የድምፅ ብልጫ ቦዩ ክፍቱን እንዲቆይ፣ ሱቆቹም ባሉበት እንዲሰነብቱ ወሰነ። ኢሶጋይ ግን በዚያ ጩኸታቸው እጅግ ስላፈሩ ለብዙ ጊዜ በጓሮ በር ይወጡ ነበር፤ ፉሚዬ በፊት ለፊቱ በር ወጥታ፣ በቦዩ ዳር ቀስ እያለች ሄዳ፣ ቶፉዋን ገዝታ ትመለሳለች።

ከሁሉም በመጨረሻ ከውኃው የወጣችው ሃትሱ ናት የሚሉ አሉ፤ እኔ ሙኔካታ ይመስለኛል። በዚህም ሆነ በሌላው የተዛባብኝ ነገር ካለ፣ በዚያን ቀን እግሩ የረጠበ አንባቢ ሁሉ እንዲያርመኝ በትሕትና እለምናለሁ።