ግማሽ ስም

ሀብትነሽ ማንበብ ከጀመረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። በፍኖተ ሰላም የቀበሌ ጽሕፈት ቤት መስኮት ላይ ቆማ የልጇን አዲስ መታወቂያ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «ሰብሊ» አለች። «ስመኘው» አለች። ሦስተኛው ስም ላይ ጣቷ ቆመ።

«ሞት።»

ካርዱን ገለበጠችው። የቀረው ስም ከጀርባውም የለም።

«አንተ ልጅ፣ የአማቴ ስም ሞት ባይኖር ነው። ባይኖርን የት ጣልከው?»

መዝጋቢው ቀና ሳይል፣ «እናቴ፣ ኮምፒውተሩ ለአያት የሚቀበለው አንድ ቃል ብቻ ነው» አለ።

ከሰልፉ መሀል አንድ ሰውዬ፣ «የሞትን የልጅ ልጅ ማን ደፍሮ ያገባታል!» ሲል ሰዉ ሳቀ። ሰብሊ አንገቷን ደፋች።

«እማ፣ በቃ ይሁን» አለች ቀስ ብላ። «ቡሬ የኮሌጁ ምዝገባ ዛሬ ያበቃል። ያለ መታወቂያ አይመዘግቡኝም።»

ሀብትነሽም ይህንኑ ፈርታ ሌሊቱን አልተኛችም። አሁን ግን ደሟ ፈላ።

«ትስቃላችሁ? አማቴ በተወለዱ በሦስተኛው ቀን አባታቸው ተቀበሩ። ሊጠይቁ የመጡ ጎረቤቶች ‹ማን አልሽው?› ሲሉ፣ እናታቸው ‹ሞት ባይኖር› ብለው ጀመሩ። ‹አባቱ ያየው ነበር› ሊሉ ነው፤ እንባ ቀደማቸው። ጎረቤቱ ስም መስሎት ሕፃኑን በዚያው ጠራው፣ እሳቸውም አልለወጡትም። ሞትን የወቀሱበትን ቃል ከመሀል ቆርጠህ ሞትን ራሱን አያት አደረግኽልን።»

ሳቁ ቆመ። መዝጋቢው አሁን ቀና አለ።

«እንግዲያው ሞገስ ልበላቸው? ለልጅቷም ይቀላታል።»

«ሞገስም ጥሩ ነው፣ እማ» አለች ሰብሊ።

ሀብትነሽን ከሰውዬው ቀልድ ይልቅ ይህ አንገበገባት።

«ሞገስ የሚባል ሰው አላውቅም፤ ቤታችንም ገብቶ አያውቅ። ኮምፒውተርህ አንድ ቃል ከፈለገ አንድ አድርገህ ስጠው። ሳትለያይ ጻፍ። ሞ።»

«እናቴ…»

«ሞ አልኩህ። ት። ባ። ይ። ኖ። ር።»

እሷ እየጠራች እሱ ጻፈ። ኮምፒውተሩ ያለ አንዳች ቅሬታ ተቀበለው። ሀብትነሽ አዲሱን ካርድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፊደል በጣቷ ካየች በኋላ ለልጇ ሰጠቻት።

ገና ረፋድ ነበር። ወደ መናኸሪያው ሲጣደፉ ሰብሊ ካርዱን ደጋግማ አየችው።

«እማ፣ ልጃቸውን በቅጡ ሳያዩ የሞቱት ማን ይባሉ ነበር?»

«ደረሰ።»

ሰብሊ ስሙን በለሆሳስ ደገመችው።

«ለእሳቸው ደግሞ» አለች ሀብትነሽ፣ ቁጣዋ ገና ሳይበርድ፣ «ካርዱ ላይ ቦታ እንኳ አልተዉላቸውም።»