ቢጫ ሲባል ወደ ነጩ

«ቢጫ!» አለ መምህር ሓይሉ። ፀደይ ወደ ነጩ ጀሪካን በረረች።

«ወይኔ ልጄን!» እናቷ አሰጋሽ ዘንቢሏን ጥላ ሜዳው መሐል ገባች። «ቀለም ጠፋባት! አንተ ሰውዬ፣ ታማ የተነሳች ልጅ እያዞርክ ጨርሰህ ልታሳብድብኝ ነው?»

ብትደነግጥ አልፈርድባትም። ባለፈው ክረምት ፀደይን ወባ ይዟት አናቷ ላይ ወጥቶባት ነበር። ተርፋለች፤ ግን ዱካን፣ ሱቅ ማለት ነው፣ ሄዳ አራት ዕቃ እንድታመጣ ስትላክ ሁለቱን ይዛ ሁለቱን ረስታ ትመለሳለች። ገና ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።

መምህሩ ፈገግ አለ። ትግራይ ሳለ የስፖርት አስተማሪ ነበር፤ ሱዳን ተሰዶ ከስደተኛ ጣቢያው ወጥቶ ገዳሪፍ ከተማ ዳር እኛ ሰፈር ከገባ ወዲህ የሰፈሩን ልጆች ያሠለጥናል።

«እናት፣ ልጅዎ ልክ ናት። ቢጫ ስል ወደ ነጩ፣ ነጭ ስል ወደ ቢጫው ነው የሚሮጠው። ሳጨበጭብ ደግሞ ደንቡ ይገለበጣል፤ ወደ ጠራሁት ነው። እግር ከመሮጡ በፊት ራስ መሮጥ አለበት።»

«ይኼማ የሕፃን ጨዋታ ነው» ብዬ ወስፌዬን ኪሴ ከትቼ ገባሁ። ጎረቤታቸው ነኝ፣ ጆንያ ሰፊ።

«ነጭ!» አለ።

ወደ ነጩ ከነፍኩ።

«ወደቁ አያ ባንታምላክ!» ልጆቹ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ፀደይ ሆዷን ይዛ ስትስቅ ያየሁት ከበሽታዋ ወዲህ ያን ቀን ነው።

ሁለት ወር ሳይሞላ ልጅቱ ሌላ ሆነች። አራት ስትላክ አራት ማምጣት ጀመረች። ማባዣውን እስከ ዘጠኝ ድረስ አነበነበችልኝ። እኔ ስድስት ላይ ነው የምቆመው፤ ከአራተኛ ክፍልም አላለፍኩ።

ከዚያ ከተማ ያለው የሐበሾች ትምህርት ቤት ለአንድ ልጅ ነጻ ቦታ አለኝ፣ ሦስት ሳምንት ቆይቼ እፈትናለሁ አለ። አሰጋሽ ልታማክረኝ መጣች። ምናለ ሌላ ሰው ባማከረች።

«ሩጫው ይብቃት» አልኳት። «የሰው ጉልበት አንድ ጆንያ ነው፤ በእግር ከፈሰሰ ለራስ አይተርፍም። እኔና አንቺ ቀኑን ሙሉ ሰሊጥ አጭደን ስንገባ የገዛ ስማችን ይጠፋን አልነበር?»

መምህሩ ቤታቸው ድረስ መጥቶ ለመነ። «አያ፣ ያ ልፋት ነው፤ ይኼ ልምምድ ነው። ራሷን እያነቃላት ነው። አሁን ካቋረጠች...»

«መምህር፣ በእግር የሚታሰብ ቢሆን አህያ ዳኛ ይሆን ነበር» አልኩት።

የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

ፀደይ ሦስት ሳምንት ከቆርቆሮው ቤት አልወጣችም። ደጄ ተቀምጬ ስሰፋ አያታለሁ። መጀመሪያ እሷ ስታነብ እግሯ ለብቻው መሬቱን ይመታ ነበር፤ ኋላ እሱም ተወ። ደብተሩ ላይ ተደፍታ መተኛት አመጣች። አንድ ቀን ጨው ተልካ፣ የተላከችበት ጠፍቷት ዱካኑ ደጃፍ ቆማ አገኘኋት።

«ጥናት ነው፣ ያደክማል» አልኩ። እናቷም አመነችኝ።

ከፈተናው ስትመለስ በሩ ላይ ጠበቅናት።

«መደመር ነበር» አለች። «ሁሉንም ደመርኩ። ለካ ከግማሹ በኋላ መቀነስ ሆኗል።»

«ምልክቱን አላየሽውም?»

«አየሁት አያ። አየሁት፤ እጄ ግን አልመለስ አለኝ።»

ቦታውን ሌላ ልጅ አገኘው። አሰጋሽ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ ሰድባኝ ቢሆን በወደድኩ። በሳምንቱ ልጅቱን ይዛ ሰሊጥ ወደምታበጥርበት መጋዘን ገባች።

መምህር ሓይሉ ዘንድ ሄጄ ጥፋቴን ተናዘዝኩ። ልጅቱን ይመልሳት ዘንድ ለመንኩት።

«እኔማ ደስታዬ ነበር» አለ። «ጎህ ሲቀድ ገብታ ሲመሽ የምትወጣ ልጅ ግን መቼ ትሮጣለች?»

ባለፈው ሐሙስ ጆንያ ልሰፋ መጋዘኑ ገባሁ። ፀደይ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣ ወንፊት ትነቀንቃለች። አቧራው ቅንድቧን አመድ አስመስሎታል። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

«ደከመሽ እንዴ የኔ ልጅ?»

ዓይኗን ከወንፊቱ አላነሳችም።

«ምን ያደክማል አያ» አለች፤ «ማሰብ አይጠይቅም።»