አያቴ ሁለቴ የተጠራችበት ቀን

በዚያ ሰሞን የዋና ከተማው የሀንያንግ ሰው ዓይኑን የጣለው በሁለት ነገር ላይ ነበር፤ በሰሜኑ ድንበር በአምኖክ ወንዝና በእኛ ቤት ጣሪያ ላይ።

የወንዙ ነገር ግልጽ ነው። ውሃው በረዶ ሆኖ ከጠጠረ፣ ማዶ የሰፈሩት የጠላት ፈረሰኞች እግራቸውን ሳያረጥቡ ይሻገራሉ። ከሰሜን የሚመጣ ነጋዴ ሁሉ ፈረሱን እንኳ ሳያስር "ጠጠረ ወይ?" ይባላል። "ዳር ዳሩን ይዟል" ይላል። በማግሥቱ የሚመጣው ደግሞ "ከዳር አለፍ ብሏል" ይላል። በረዶው ወደ መሐል በገፋ ቁጥር እኛን እንቅልፍ እየሸሸን ሄደ።

ጣሪያችን የታየው በአያቴ ምክንያት ነው። አያቴ ታማ ተኝታለች። ሰው ሲሞት ከቤቱ አንዱ የሟቹን ካባ ይዞ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ ነፍስን ሦስቴ "ተመለሺ" ብሎ ይጠራል። ተጠርታ የተመለሰች ነፍስ እስካሁን አላጋጠመችኝም። ቢሆንም ሳይጠሩ መቅረት ነውር ነው፤ ለቅሶውም የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

የአንዲት አሮጊት ነፍስ ለከተማው ምኑ ነው ትሉ ይሆናል። አሮጊቷ የአጎቴ የናምጉንግ ሴዋን እናት ናት። አጎቴ ደግሞ የሰሜኑን ምሽግ እንዲይዝ የተመረጠ የጦር አዛዥ ነው። ከንጉሡ እጅ ሰይፉን ተቀብሎ ከከተማው ሰሜን በር ሳይወጣ እናቱ ከሞተች፣ ሹመቱን ትቶ መቃብሯ አጠገብ ጎጆ ቀልሶ ሦስት ዓመት ማልቀስ አለበት። ሰይፉን ይዞ ከበሩ ከወጣ ግን ጦርነቱ እስኪያልቅ ሐዘኑ ይጠብቀዋል። ሕጉ ይኸው ነው። ወንዙም፣ አያቴም፣ ሰይፉም እየተሽቀዳደሙ ነበር ማለት ነው።

ሰይፉ ለምን ዘገየ? ቤተ መንግሥቱ ለሁለት ስለተከፈለ ነዋ። ላይ ሰፈር ያሉት ባለሥልጣናት "ጠላት ይመጣል" ስላሉ፣ ታች ሰፈር ያሉት "አይመጣም" አሉ። ከዚህ የተለየ ምክንያት የላቸውም። ላይ ሰፈር "ዘነበ" ካለ ታች ሰፈር እየበሰበሰ ዣንጥላውን ያጥፋል። የታች ሰፈሩ አለቃ፣ በንጉሡ ግራ የሚቀመጠው የግራው ሚኒስትር ኦክ፣ ለሥነ ሥርዓት መልካም ቀን የሚያወጡትን ቀን መራጮች በእጁ አድርጓል። አንዱ ቀን ቁራ በማይሆን በኩል ስለጮኸ ተላለፈ፤ ሌላው ደግሞ ቁራ ጭራሽ ስላልጮኸ። በዚህ መሐል ሚኒስትሩ አንድ ነገር ብቻ ይጠብቃል። አያቴ ከሞተችለት ምሽጉን የሚይዘው አማቹ ቦንግ ሱክ ነው። ቦንግ ሱክ ጨዋ ልጅ ነው፤ ግጥም ያውቃል፤ ፈረስ ሲያስነጥስ ግን ይደነግጣል።

እኛ ቤት ይህ ሁሉ ጨዋታ አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ ያንጁን ምሽጉ ውስጥ ነው፤ ከመኸር ጀምሮ ግንቡ ላይ ቆሞ በረዶውን ያያል። አያቴ ይህን ቀንም ሌትም አትረሳም።

"ያ ፈሪ ከሄደ ያንጁን አለቀለት" ትለኛለች። "አጎትህ ከሄደ ግን ቢያንስ የሚሳደብ አለቃ ያገኛል። የሚሳደብ አለቃ ወታደሩን አይረሳም።"

"አንቺ ብቻ በርቺ፣ አያቴ።"

"እኔማ በርትቻለሁ። ያልበረታው ቁራው ነው።"

ሚኒስትሩ ከቤታችን ፊት ለፊት ሁለት የገለባ ጫማ ነጋዴዎች አስቀምጦ ነበር። ጫማ ሻጭ እግር ያያል፤ እነሱ ግን ጠዋት ማታ አንጋጠው ጣሪያ ነው የሚያዩት። አንገታቸው እንደ ደረቀ ቀርቷል። አንድ ቀን አያቴ አዘነችላቸውና ትኩስ ሾርባ ላከችላቸው፤ "ለአንገታችሁ፣ ገና ትቆያላችሁ ብላለች በሏቸው" ብላ።

በመጨረሻ ንጉሡ ራሱ ተቆጣና ቀን ቆረጠ። በዚያው ቀን ጠዋት አጎቴ የጦር ልብሱን ለብሶ፣ አያቴ ፊት በግንባሩ ተደፍቶ ተሰናበተና ወደ ቤተ መንግሥት ሄደ። ሰይፍ የተቀበለ አዛዥ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ ከዚያው በሰሜን በር ይወጣል። አያቴ አላለቀሰችም። "ጉንጭህ ጎድጉዷል፤ በመንገድ ብላ" ብቻ አለችው።

እንደሄደ እኔን ጠራችኝ። "ያንግሆ፣ ሰማያዊ ካባዬን አናፍሱልኝ። ልጄ ሲያልፍ በራፍ ላይ ተቀምጬ አየዋለሁ።"

ካባው ግቢ ውስጥ ገመድ ላይ ተሰጣ። ሴቶቹ ከእንስራዎቹ አጠገብ የክረምቱን ጎመን በጨው ያሻሉ። ነፋሱ ከሰሜን ይመጣል፤ በሩን ይገፋል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይገፋል። እኔ ከቤት ወደ በራፍ፣ ከበራፍ ወደ ቤት እመላለሳለሁ። በዚህ መሐል ነፋሱ ካባውን ከገመዱ ነጠቀና ጣሪያው ላይ ጣለው።

"ማክሴ! የእሜቴ ካባ!" ብላ ጮኸች የወጥ ቤቷ ሱንዶክ።

ማክሴ የቤታችን ተሸካሚ ነው፤ ሥጋው ብዙ፣ ሐሳቡ ጥቂት። መሰላል አቁሞ ወጣ። ካባውን ያዘ፤ ቀና አለ፤ ወጥ ቤቱ በሰሜን በኩል ነውና ፊቱን ወደዚያ አዞረ። ከዚያም ካባውን እያውለበለበ "ሱንዶክ! ያዝኩት!" አለ። ሱንዶክ ጆሮዋ ከበድ ይላል። ደገመላት። ሠለሰላት።

እስቲ ከመንገድ ማዶ ሆናችሁ እዩት። የናምጉንግ ቤት ጣሪያ፣ የአሮጊቷ ካባ፣ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ሰው፣ ሦስት ጩኸት። አንደኛው ጫማ ነጋዴ ሸቀጡን በትኖ ወደ ቤተ መንግሥት በረረ፤ ሁለተኛው ወደ ሚኒስትሩ ቤት። የጎረቤት ሴቶች "አይጎ! አይጎ!" ብለው ለቅሶውን አቀለጡት።

አያቴ ከተኛችበት ቀና አለች። "ማን ሞተ?"

"እኔ እንጃ" አልኩ። እውነቴን ነበር፤ ገና አልገባኝም።

ብዙ ሳይቆይ የሚኒስትር ኦክ ሚስት ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ሁለት ገረድ አስከትላ፣ እንባዋን አዘጋጅታ ገባች። የለበሰችው የሐዘን ልብስ የተተኮሰ ነው፤ እጥፋቱ እንኳ አልተሰበረም። በሩን ከፍታ ስትገባ አያቴ ትራሷን ተደግፋ የጥድ ፍሬ ገንፎ ትበላለች።

ሴትየዋ እንባዋ ጉንጯ ላይ እንዳለ ቆመ።

"ነይ ግቢ፣ ልጄ፣ ብርድ አታስገቢ" አለች አያቴ። "ማንን ቀብረሽ ነው?"

"እሜቴ... እርስዎ... እኛማ..."

"እኔን ነው? አይ፣ ቸኩላችኋል። ልብሱ ግን አምሮብሻል። መቼ አሰፋሽው?"

"እሜቴ፣ ጣሪያ ላይ ሲጠሩ ታየ ተባልን! ሰውም ወደ ቤተ መንግሥት—" አፏን በእጇ ያዘች፤ ግን አምልጧታል።

አያቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። እንደዚያ ቀስ ብላ ነገር ስታስቀምጥ አይቻት አላውቅም። ሁላችንም የገባን በአንድ ጊዜ ነው። አጎቴ "እናትህ ሞተች" ከተባለ በሕጉ መሠረት እዚያው ፀጉሩን ይፈታል፣ መሬት ላይ ይወድቃል፣ ሰይፉን አይነካም። ሹመቱ ሳያድር ለሌላ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ "ለካ አልሞተችም" ቢባል ቦንግ ሱክ መንገድ ጀምሯል።

"እኔ ሮጬ ልንገራቸው" አልኩ።

"አንተን ማን ያምናል? የላይ ሰፈር ሰው ነህ። 'ሰይፉን ሊያስይዝ ነው የዋሸው' ይሉሃል።" ብርድ ልብሷን ገፈፈች። "የሸክም ወንበሩን አምጡ።"

"አያቴ፣ ሐኪሙ ከአልጋ ከተነሳች—"

"ሐኪሙን ሰምቼዋለሁ። ደጅ ከወጣሁ እሞታለሁ አለ። እዚህ ብተኛስ ሊያኖረኝ ነው? ካባዬን!"

እጇን ያዝኩ። ክብደት የለውም፤ የደረቀ ቅጠል የያዝኩ ያህል ነው። "ቅሪልኝ" አልኳት። ለምን እዋሻለሁ፤ ወንድሜን ረስቼ ነበር፤ ምሽጉንም፣ አገሩንም። እሷ ብቻ እንድትቆይልኝ ነበር የፈለግሁት።

ፊቴን አየችው። "ያንጁን ግንብ ላይ ቆሟል" አለች። 

ማክሴና ሦስት ሰዎች ወንበሩን ተሸክመው ሮጡ፤ እኔ ከፈረስ ጭራ የተሠራ ባርኔጣዬን በአንድ እጄ፣ የወንበሩን መጋረጃ በሌላው ይዤ ከጎን። መንገዱ ሁሉ ሰው ነው። ለቅሶ የሰማ ሰው በግራ፣ የሰራዊቱን መውጣት ሊያይ የመጣ በቀኝ። አያቴ ከመጋረጃው ውስጥ ሆና አንዱንም አልማረችም።

"ማክሴ! ሰው ነው የተሸከምከው ወይስ ጎመን?"

"ይቅርታ፣ እሜቴ!"

"ይቅርታህን ቤት ስንገባ፤ አሁን እግርህን! ያ ማነው መንገድ የዘጋው? አንተ ባለ ትልቁ ሆድ! ሆድህን ሰብስብና አሳልፈን!"

በየመሐሉ ትንፋሿ ይቆረጣል። ያኔ ሩጫዬን ገትቼ ጆሮዬን ወደ መጋረጃው አስጠጋለሁ። ከዚያ አዲስ ስድብ ትጀምራለች፤ እኔም መሮጤን እቀጥላለሁ።

የቤተ መንግሥቱ ዘበኛ በጦሩ መንገዱን ጋረደ። "ሴት በዚህ በር አይገባም።"

"መግባት ማን ጠየቀህ?" አለች መጋረጃውን ገልጣ። "እኔ እዚህ እቆያለሁ። ድምፄ ይግባ።"

ውስጥ የሆነውን በኋላ የአጎቴ ረዳት ነገረኝ። አጎቴ ግቢው መሐል ተንበርክኮ ፀጉሩን ፈትቷል። ሚኒስትር ኦክ ስለ ልጅ ግዴታ የሚያምር ንግግር ጀምሯል፤ ቦንግ ሱክ እንዳጋጣሚ የጦር ልብስ ለብሶ መጥቷል፤ የራስ ቁሩ ሰፍቶት ዓይኑን ይከልለዋል። ንጉሡ ሰይፉን ይዞ ወዲያ ወዲህ ያያል። ልክ በዚያች ደቂቃ ከቅጥሩ ውጭ እንዲህ የሚል ድምፅ መጣ፦

"ሴዋን! አንተ ሴዋን! ፀጉርህን ማን ፍታ አለህ? በዚህ ብርድ! እሰር ብያለሁ! ገና አልሞትኩም!"

የግቢው ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ቅጥሩ አዞረ።

"ይህቺ ማን ናት?" አለ ንጉሡ።

"እናቴ ናት፣ ግርማዊ ሆይ" አለ አጎቴ፤ ድምፁ እንደ ሕፃን ተሰብሮ።

"ሞታለች ብላችሁኝ አልነበረም?"

ሚኒስትር ኦክ ሰገደ። "ግርማዊ ሆይ፣ ምናልባት... ነፍሷ ልትሆን ትችላለች።"

"የግራው ሚኒስትር ነው የሚናገረው?" አለ የውጭው ድምፅ። "ሚስትህ እኔ ቤት ናት! ለቅሶ መጥታ ገንፎዬን እያየች ነው! ላክና አስወስዳት!"

ንጉሡ ወደ ሚኒስትሩ ዞረ። "ነፍስ እንዲህ አይሳደብም" አለ። "ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ ያመጣልኝ ሰው ሌላ ወሬ ከማምጣቱ በፊት ሁለቴ ያስብ።" ሰይፉንም ሰጠ። አጎቴ ፀጉሩን እያሰረ ተቀበለ።

ከበሮው ሲመታ ውጭ ሆነን ሰማን። አያቴ "እ..." አለች፤ መጋረጃውን በራሷ እጅ ጣለችው። "ያንግሆ።"

"አቤት።"

"አጎትህ ከሰሜን በር ሳይወጣ ብትጠራኝ አልሰማህም። ከወጣ በኋላ ጣሪያ ላይ ሆነህ ጥራኝ። በመንግሥት ፈተናው ላይ እንደተንተባተብከው አትንተባተብ።"

ወንበሩን አንስተን ወደ መንገዱ ዳር ወጣን። ጥቂት እንደሄድን ማክሴ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ አመድ መስሏል። "ጌታዬ... እሜቴ ከበዱ።"

እጄን በመጋረጃው ሥር አስገባሁ። የካባዋን ጫፍ አገኘሁ፤ ከዚያ ጣቶቿን፤ አልጨበጡኝም። እጄን አወጣሁ።

"ዝም ብለህ ቁም" አልኩት። "ቀጥ በል። እግርህ እንዳይንቀጠቀጥ።"

ፈረሰኞቹ መጡ፤ ባንዲራ፣ ጥሩምባ፣ አቧራ። አጎቴ ወንበሩን ሲያይ ፈረሱን ያዘ። ሰይፍ የተቀበለ ሰው አይወርድም። ከኮርቻው ላይ ሆኖ አጎነበሰ።

"እናቴ፣ ሄድኩ።"

መጋረጃው ነፋስ ሲነካው ተነቃነቀ እንጂ መልስ አልነበረም። አጎቴ እኔን አየኝ። ዓይኔን ወደ መሬት ብሰድ ያልቃል። ቀና ብዬ አየሁት።

"ዝም አለች" አለ። "ተቆጥታለች ማለት ነው።"

"በጣም ተቆጥታለች" አልኩ። "በመንገድ ብላ ብላለች።"

 የሚያውቅ መሰለኝ፤ ግን አለማወቅን መረጠ። ከዚያ ፈረሱን ኮርኩሮ ሄደ።

የሰሜኑ በር ከኋላቸው ሲዘጋ ቤት ደርሰን ነበር። የሚኒስትሩ ሚስት ሄዳለች፤ ገንፎው ቀዝቅዟል። ካባዋን ከላይዋ ገፈፍኩና መሰላሉን ወጣሁ። የጣሪያው ሸክላ ያንሸራትታል። ከዚያ ሆኜ የሰራዊቱ አቧራ ከኮረብታው ሥር ሲነሳ ይታየኛል፤ ከዚያ ወዲያ ወንዙ አለ፤ አይታይም። የካባውን አንገት በግራ፣ ጫፉን በቀኝ ያዝኩና "አያቴ፣ ተመለሺ!" አልኩ። አልተንተባተብኩም።

የጎረቤት ሴቶች ብቅ አሉ። "ደግሞ ጀመራችሁ?" አለች አንዷ። "በጠዋት ያለቀስነው አይበቃችሁም?"

"ተመለሺ!"

ጫማ ነጋዴዎቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰው ነበር። አንደኛው ሊነሳ ሲል ሁለተኛው እጅጌውን ጎተተው። "ተቀመጥ፣ አንተ! ሚኒስትሩ ሌላ ወሬ ካመጣን እግራችንን እንደሚሰብረው ነግሮናል። ካባ ሊያናፍሱ ነው።"

ሰፈሩ ሳቀ። ማንም ወደ ቤተ መንግሥት አልሮጠም። ማንም አጎቴን አልመለሰውም። አቧራው ወደ ሰሜን እየሳሳ ሄደ።

"ተመለሺ!" አልኩ ለሦስተኛ ጊዜ።

"ያንግሆ!" አለችኝ ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን፤ እየሳቀች፣ በፍቅር። "ውረድ አንተ፣ ብርድ ይመታሃል! አያትህ ብታይህ ስድቧን አትችለውም!"

አልወረድኩም። ካባውን እንደያዝኩ ጆሮዬን ወደ ነፋሱ አቅንቼ ስድቡን ጠበቅሁ።