ባልዲው ዝም ሲል

አቶ ምትኩ እስክስታ መውረድ የሚችል ሞልቷል፣ ማቆም የሚችል ግን ጥቂት ነው ባይ ናቸው። እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ ካለው ፋብሪካ ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጃቸውን ኤላን ሳሎን አቁመው የፕላስቲክ ባልዲ ይደልቃሉ። ባልዲው ድንገት ዝም ሲል ትከሻም ዝም ማለት አለበት። ከዚያ በኋላ የተንቀሳቀሰ ሻይ ያፈላል። ሦስት ወር ሙሉ ሻይ ስታፈላ የከረመችው ኤላ ናት።

ጨዋታ ይመስላል እንጂ የጨዋታ ነገር አልነበረም። የዘጠኝ ዓመቷ ኤላ እጇ ከሐሳቧ ይቀድማል። ኦር የሚባለውን የክፍሏን ልጅ ገፍትራ ጥርሱ ስለተሸረፈ፣ ትምህርት ቤቱ ከጓደኞቿ ለይቶ ሌላ ክፍል ሊያስገባት አስቧል። አቶ ምትኩ የሚያውቁት መድኃኒት ይኸው ባልዲ ብቻ ነው። ትከሻውን መግታት የቻለ እጁንም አያቅተውም ብለው ነው።

ለውሳኔው የተጠሩ ዕለት እናቷ የሥራ ፈረቃ ላይ ስለነበረች አብረዋት የሄዱት እሳቸው ናቸው። የተማሪዎች አማካሪዋ ስታቭ ኤላን በዕብራይስጥ፣ "ኦርን ለምን ገፋሽው?" አለቻት።

ኤላ አቀርቅራ ዝም አለች።

በእነ አቶ ምትኩ ወግ፣ ልጅ በትልልቅ ሰዎች ፊት ስትጠየቅ የሚመልስላት አዋቂ ነው። መልሱ ምላሳቸው ጫፍ ደርሷል፤ በዚያ ላይ ቁጣቸው ቅርብ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእሳቸው ራስ ደግሞ ከተመለጠ ቆይቷል። ሊናገሩ ሲሉ የልጅቷን ትከሻ አዩት። ከፍ እንዳለ እዚያው ቀጥ ብሏል፣ ልክ ባልዲው ዝም ሲል እንደሚቆመው። ልጅቷ እያሰበች ነው። ወንበሩን ጨብጠው አፋቸውን ዘጉ። በሰባ ዓመታቸው እንዲህ የከበደ ነገር ሠርተው አያውቁም።

"በፀጉሬ ሲስቅብኝ ተናድጄ ነው" አለች ኤላ በመጨረሻ። "መግፋት አልነበረብኝም። ትናንትም ሳቀብኝ። እጄ ተነሥቶ ነበር፤ አቆምሁት።"

የትናንቱን ለስታቭ የነገራት ሰው አልነበረም። አስተማሪዋን ጠርታ ጠየቀች፤ እውነት ሆኖ ተገኘ። ኤላ ከጓደኞቿ ጋር እንድትቀጥል ተወሰነ።

አውቶቡስ ሲጠብቁ አቶ ምትኩ እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። ኤላ አጠገባቸው ተለጠፈች።

"አባባ፣ እኔ ዝም ስል ትከሻዎ ተንቀሳቅሷል። በጎን አይቼዎታለሁ።"

"ብንቀሳቀስስ?"

"ዛሬ ሻይ የሚያፈሉት እርስዎ ነዎት።"

አቶ ምትኩ ጥቂት አሰቡና፣ "የሻይ ቅጠሉ የት ነው የሚቀመጠው?" ብለው ጠየቋት።