የአሥራ ሁለቱ ግልገሎች ሳንባ

ዘጠነኛዋ ግልገል ከእናቷ ማህፀን በወጣች በሁለተኛው ሰዓት ሞተች። አስራት ደረቷን በጣቱ ጫን ሲያደርገው ከቆዳዋ ሥር አየር ተንኮሻኮሸ፤ ሳንባዋ ተቀዶ አየሩ አፈትልኳል ማለት ነው። ደብረ ዘይት ላይ ስምንት ዓመት በእንስሳት ሐኪምነት ሲሠራ ብዙ ሞት አይቷል። ይሄኛው ግን ግራ አጋባው። ከእሷ በፊት ሁለት ግልገሎች በዚሁ ዓይነት ሞተውበታል፤ ከእሷ በኋላም አንድ ተጨመረ።

በፈረንጆቹ 1986፣ መጋቢት ላይ ነው። አስራት ለዶክትሬት ትምህርት ሮተርዳም ከገባ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የሚያጠናው ቀናቸው ሳይደርስ የሚወለዱ ግልገሎችን አተነፋፈስ ነበር። እንዲህ ያለ ግልገል ሳንባው እንደ ራሰ ላስቲክ እርስ በርሱ ተጣብቆ አየር አላስገባ ይላል። ከላም ሳንባ ታጥቦ የሚወጣ፣ ወተት የመሰለ ፈሳሽ በመተንፈሻ ቧንቧው ቢጨመርለት ግን የተጣበቀው ይላቀቃል ተብሎ ተስፋ ተጥሏል። ይህን ለማየት አሥራ ሁለት ግልገሎች ከቀናቸው ሁለት ሳምንት ተኩል ቀድመው በቀዶ ጥገና ወጡ። ለስድስቱ ይህ ፈሳሽ መድኃኒት፣ ለስድስቱ የጨው ውሃ ተሰጠ፤ ሁሉም አምስት አምስት ሰዓት በማሽን እንዲተነፍሱ ተደረገ።

የትኛው የቱን እንደወሰደ እንዳይታወቅ፣ አስራት ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ቀን ጠዋት ብቻውን ተቀምጦ ጠርሙሶቹን ሞላ፤ ከነመስጫ ቱቦዎቻቸው በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቀለላቸው፤ ቁጥር ለጠፈባቸው፤ ዝርዝሩንም ፖስታ ውስጥ አሽጎ ለፕሮፌሰሩ አስረከበ። መድኃኒቱን የምትሰጠውም ማሽኑን የምትከታተለውም አኔከ የምትባል የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበረች።

የአሥራ ሁለተኛው ግልገል ሙከራ ካለቀ በኋላ ፕሮፌሰር ሆክስትራ ሁለቱን ቢሯቸው ጠርተው ፖስታውን ከፈቱ። ዝርዝሩን ከአኔከ መዝገብ ጋር አስተያዩና መነጽራቸውን አወለቁ። ሳንባቸው ተቀዶ የሞቱት አራቱም ግልገሎች መድኃኒቱን የወሰዱት ናቸው። የጨው ውሃ ከተሰጣቸው የሞተው አንድ ብቻ ነው፤ የቀሩት እየተቸገሩም ቢሆን አምስቱን ሰዓት ጨርሰዋል።

“አስራት፣ ዝርዝሩን ስትጽፍ ሁለቱን ዓምዶች አቀያይረህ ይሆን?” አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

አስራት ያን ቀን ጠዋት ለማስታወስ ሞከረ። ወንበሩ ትዝ አለው፤ መስኮቱን የሚመታው ዝናብ ትዝ አለው። እጁ የቱን ጠርሙስ አንስቶ በየትኛው ቁጥር ፊት ምን እንደጻፈ ግን ጭራሽ አልመጣለትም። እኚህ ሰው ሃያ ዓመት በሳንባ ላይ ሠርተዋል። እሳቸው ይህን ከጠረጠሩ እኔ ማን ነኝ ብሎ አሰበ።

“ሊሆን ይችላል” አለ።

ፕሮፌሰሩ ራሳቸውን ነቀነቁና መዝገቡ ላይ “ዝርዝሩ በስህተት ተገልብጧል፤ አስራት አረጋግጧል” ብለው ጻፉ። ዓምዶቹ ሲገለበጡ ውጤቱ አማረ፤ መድኃኒቱ አዳኝ ሆነ። በአንድ ሳምንት ውስጥ አጭር ጽሑፍ ተዘጋጅቶ፣ ግንቦት ላይ ዴን ሃግ ከተማ ለሚደረገው የሐኪሞች ስብሰባ ተላከ። አቅራቢው ራሱ አስራት እንዲሆን ተወሰነ።

አስራት ዴልፍስሃቨን በሚባለው የሮተርዳም ሰፈር፣ ወይዘሮ ተሻለች ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነበር የሚኖረው። እሳቸው በስደት ከመጡ ቆይተዋል፤ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራሉ። ከእሑድ ቅዳሴ ሲመለሱ አስራት ምሳውን ሳይነካ ተቀምጦ አገኙትና ምን እንደሆነ ጠየቁት። ከመጀመሪያው ጀምሮ አጫወታቸው።

“እና ቀያይረኸዋል ወይስ አልቀያየርከውም?”

“እኔ እንጃ፣ እትዬ ተሻለች።”

“ታዲያ ለምን ቀያይሬአለሁ አልካቸው?”

“አላልኩም። ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት።”

ወይዘሮ ተሻለች ነጠላቸውን አጣጠፉ። “እዚህ አገር እንዲያ ካልክ አዎ ብለሃል ማለት ነው። እኔም አንዴ አለቆቼ፣ ለአንዲት አሮጊት ኪኒናቸውን ሁለቴ ሰጥተሽ ይሆን ቢሉኝ ‘ምናልባት’ ብዬ ጉድ ሆኛለሁ። አልሰጠሁም ነበር እኮ። በኋላ ግን እኔ ራሴ የሰጠሁ መሰለኝ።”

“ከዚያስ ምን አደረጉ?”

“ሣጥኑን ከፍቼ ኪኒናዎቹን ቆጠርኳቸዋ።”

አስራት ያን ሌሊት ደህና አልተኛም። ጠርሙሶቹ አልተጣሉም፤ ትርፋቸው ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ። ወረቀቱን ልጦ ማየት ይቻላል፤ መድኃኒቱ ነጭ፣ የጨው ውሃው ኩልል ያለ ነው። ይህን እስከዛሬ ያላደረገው ሳይታየው ቀርቶ ሳይሆን ፈርቶ መሆኑን ለራሱ አመነ። ቀያይሮ ከሆነ ዝርክርክ ነው። ካልቀያየረ ደግሞ ‘ሊሆን ይችላል’ በማለቱ ሐሰት አጽፏል። የቱን እንደሚመርጥ እንኳ አላወቀም።

ሰኞ ጠዋት ለአኔከ ነገራትና አብረው ማቀዝቀዣውን ከፈቱ። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ልጠው አዩ፤ ነጭ ነው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ስድስቱን ከላጡ በኋላ አስራት ወንበር ላይ ዘጭ አለ፤ ከመካከላቸው የጨው ውሃ መኖር ሲገባው ስድስቱም ነጭ ናቸው።

“ሁሉም መድኃኒት ነው እንዴ? ለማንም የጨው ውሃ አልሰጠንም ማለት ነው?”

አኔከ አንዱን ጠርሙስ ወደ መብራቱ አንስታ አየችው። “በረዶ እኮ ነው። በረዶ ሲሆን ሁሉም ነጭ ይመስላል” አለችና የቀሩትንም ልጣ አሥራ ሁለቱንም ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ደረደረቻቸው።

በረዶው መቅለጥ ጀመረ። ቀስ በቀስ ስድስቱ እየጠሩ ሄዱ፤ ስድስቱ እንደ ወተት ነጥተው ቀሩ። አስራት ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ከመጀመሪያው ዝርዝር ጋር አመሳከረ። አንድም የተዛባ የለም። ያን ቀን ጠዋት እጁ ትክክል ሠርቷል።

እፎይ ማለት ሲገባው ይበልጥ ተምታታበት። ታዲያ መድኃኒቱ ነው የገደላቸው? ከሞቱትም፣ ከሙከራው በኋላ ከታረዱትም ግልገሎች ወጥተው፣ እንዳይበሰብሱ በፎርማሊን የተዘፈዘፉትን ሳንባዎች አውጥቶ ሲቆርጥ ዋለ። የጨው ውሃ የወሰዱት ሳንባ እንደ ጉበት ጠጥሯል፤ አየር የገባበት ቦታ ጥቂት ነው። መድኃኒቱን የወሰዱት ግን በደንብ ተከፍቷል፤ ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ አየር የቋጠሩ ፊኛዎች ተነፋፍተው ፈንድተዋል። ያልዳነ ሳንባ አይደለም። ከዳነ በኋላ የተቀደደ ነው።

“ማሽኑ የሚገፋበትን ግፊት መቼ መቼ ቀየርሽው?” ሲል አኔከን ጠየቃት።

“አልቀየርኩትም። ለሁሉም እኩል እንዲሆን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው ይሁን አላላችሁኝም?”

ያን የሥራ መመሪያ የጻፈው ራሱ አስራት ነው። የጠጠረ ሳንባ ለመንፋት ብርቱ ግፊት ይፈልጋል። መድኃኒቱ ካለሰለሰው በኋላ ግን ያው ግፊት ይቀደዋል። ለሁሉም እኩል መሆን የሚለው ነገር ጎጂ ይሆናል ብሎ አስቦት አያውቅም።

አስራት የጠራቸው ፕሮፌሰር ሆክስትራ ጠርሙሶቹንም ሳንባዎቹንም አንድ በአንድ አዩ። በመጨረሻ የጠየቁት ስለ ግፊቱ አልነበረም።

“ታዲያ ለምን አዎ አልከኝ?”

አስራት አዎ አላልኩም ሊል ነበር፤ ተወው። “እርግጠኛ መስለው ታዩኝ። እኔ ደግሞ አልነበርኩም” አለ።

“እኔም አልነበርኩም። ለዚህ ነው የጠየቅኩህ” አሉ፤ ፊታቸው ቀልቶ ነበር። መዝገቡ ላይ የጻፉትን በአንድ መስመር ሰርዘው ፈረሙበት። ለዴን ሃግ የተላከው ጽሑፍ እንዲመለስ በዚያው ቀን ስልክ ደወሉ። አዲስ ጽሑፍም እንዲተካ ጠየቁ።

ሚያዝያ ላይ ሁለት ግልገሎች ተጨመሩ። ሁለቱም መድኃኒቱን ወሰዱ፤ አኔከ ደረታቸው ከፍ ማለት ሲጀምር ግፊቱን ጥቂት በጥቂት እየቀነሰች አብራቸው ዋለች። አንዱ በአራተኛው ሰዓት፣ ማንም ባልተረዳው ምክንያት፣ ልቡ ቆመ። ሁለተኛዋ አምስቱን ሰዓት ጨረሰች፤ ቧንቧው ሲወጣላትም በራሷ ተነፈሰች። አስራት ሁለት ግልገል ምንም እንደማያረጋግጥ ያውቃል። ሆኖም እጁን ጎኗ ላይ አድርጎ ትንፋሿ ሲወጣና ሲገባ እየሰማ ቆየ።

ዴን ሃግ ላይ የሆነውን ሁሉ፣ መመሪያው የራሱ መሆኑን ጭምር፣ ተናገረ። ሲጨርስ አንዲት የሕፃናት ሐኪም ከኋላ ረድፍ ተነሣች። እሷ ዘንድ ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን፣ እየተሻለው ሳለ ሳንባው እንዲሁ ተቀዶ እንደሞተ ነገረችው። “ግፊቱን መቼና ምን ያህል ነበር መቀነስ የነበረብን?”

 አስራት ለግልገሎቹ የተቀነሰውን የግፊት ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል፤ ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ግን ሴትዮዋ ብዕሯን አዘጋጅታ እንደምትጠብቀው አየ።

“አላውቅም” አላት። “በግልገል ያየሁትን ልነግርሽ እችላለሁ። በሕፃን ግን አላውቅም።”

ሴትዮዋ ያንኑ ጻፈችና ተቀመጠች። ከስብሰባው በኋላ ፈልጋ አገኘችው፤ ባቡር ጣቢያ እስኪደርሱ ስለ ሕፃኑ እያወራችለት ሄዱ።