ከነጥሉ አይገባም

ያኒጊት የጸሎተኞቹን ነጭ የሱፍ ቆብ አጥልቆ መጣ። ኡናቪ ዝይዋን በብብቷ እንደያዘች ከጸሎቱ ደን በር ላይ ስታየው ደሟ ፈላ። ያ ሰው! ዕድሜውን ሙሉ የጋራ እርሻው ሊቀመንበር ሆኖ እዚህ ደን ውስጥ ሻማ ያበራውን ሁሉ ሲያሳድድ የኖረ ሰው፣ ሶቪየት ፈረሰ በተባለ በዓመቱ ዓይኑን በጨው ታጥቦ የማሪ ሕዝብ ጥንታዊ የተፈጥሮ ሃይማኖት ማኅበር ሊቀመንበር ሆኖ አረፈው። ሊቀመንበርነቱን እንኳ አልለቀቀም። የለወጠው ቆቡን ብቻ ነው።

ከከተማ የቴሌቪዥን ሰዎች አስከትሏል። ማይክሮፎኑን ሲያቀርቡለት፣ "ሕዝባችን ከጥንት ጀምሮ ተፈጥሮን ያከብራል፤ አንዲት ቅርንጫፍ እንኳ አንሰብርም" አለ አፉን ሞልቶ። ኡናቪ በእልህ ሳቀች። ተፈጥሮ! እናቷ በሕይወት ዘመኗ ተፈጥሮ የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። እናቷ የምታውቀው አንድ የፒስቴ ዛፍ ነበር፤ ሲያብብ ንብ የሚርመሰመስበት፣ የቤተሰቡ ዛፍ። ልጅ ሲታመም፣ ላም ስትወልድ፣ ሰው ሲሞት ሥሩ ቆማ ትለምን ነበር። ያንን ዛፍ ማን እንደጣለው መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ያው መንደር ዛሬ ለያኒጊት እጅ ይነሳል።

ልጇ ባትኖር ኖሮ ኡናቪ እዚያው ተፍታ ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር። ፒያልቼ ግን ከኋላዋ ግንድ ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን ታጠራቅማለች። ከመንደር እስከ ደኑ ያለው መንገድ እንኳ ከብዷታል። ሰኞ ከተማው ሆስፒታል ልቧን ቀዶ ጥገና ሊያደርጉላት ነው፤ ሐኪሙም ቀኑን የቆረጠላት ዓይን ዓይኗን ለማየት ሳይደፍር ነው። ዝይዋ ለመሥዋዕት የመጣችው ለፒያልቼ ነፍስ ነው።

በሩ ላይ የጸሎት አባቱ ኤፓናይ ቆመው የሚገባውን ሁሉ ይጠይቃሉ። ደኑ ሕግ አለው። ሰው ታጥቦ፣ ንጹሕ ነጭ ለብሶ፣ ከሰው ጋር ያለውን ጥል ጨርሶ ይገባል። ያልታረቀ ሰው ከአጥሩ ውጭ ይቀራል።

"ጥል አለሽ?" አሏት።

"የለኝም፣ አባባ።"

"ከያኒጊትስ?"

"ታርቀናል።"

"እሱ ሳይሰማ ነው?"

"በልቤ ታርቄዋለሁ።"

"ምነው እኔም እንዲህ የሚፈጥን ልብ በኖረኝ" አሉና አሳለፏት።

ከውስጥ እሳቱ ይነዳል፤ ውኃው በትልልቅ ድስት ይንተከተካል። የመጀመሪያው ዝይ የያኒጊት ነበር። ኤፓናይ ከማሰሮው ቀዝቃዛ ውኃ ጀርባው ላይ ያፈሳሉ፤ ዝይው ከተንቀጠቀጠ ታላቁ ነጭ አምላክ ስጦታውን ወደደው ማለት ነው። የያኒጊት ዝይ ገና ውኃው ሳይደርስበት ተንዘፈዘፈ።

"ተቀበለ!" አለ ሕዝቡ። ካሜራው ተጠጋ። ያኒጊት ደረቱን ነፋ።

ኡናቪ እርር ድብን አለች። እንዴ አምላኬ፣ ከዚህም እጅ ትቀበላለህ?

የእሷ ተራ ደረሰ። ውኃው ፈሰሰ። ዝይዋ ንቅንቅ አላለችም። ኤፓናይ ደገሙት፤ ውኃው በአፏ ጫፍ ተንጠባጠበ እንጂ ላባዋን አላራገፈችም። ከኋላ አንዲት ጎረቤት "ምን አድርጋ ይሆን?" ስትል ተሰማ። የፒያልቼ ፊት አመድ መሰለ።

ሽማግሌው ማሰሮውን አስቀመጡ። "ኡናቪ፣ ማንን በልብሽ ይዘሽ ነው የገባሽው?"

"ያንን!" ብላ ጣቷን ቀሰረች። በደኑ ውስጥ መጮኽ ነውር ነው፤ እሷ ግን ጮኸች። "ዋሽቼዎታለሁ፣ አባባ። ለልጄ ብዬ ዋሽቻለሁ። ያንን ሰውዬ ይዤው ነው የገባሁት!"

ያኒጊት ማይክሮፎኑን በመዳፉ ሸፈነ። "ኧረ ኡናቪ፣ እንግዳ ፊት! እነዚህ ይሂዱና እንነጋገራለን።"

"አሁን ነው እንጂ! እናንተ ልጆች፣ ቅረቡ፣ ይሄንንም አንሱ። ቅርንጫፍ አንሰብርም ያላችሁ ሰውዬ የእናቴን ዛፍ እዚህ ነው የጣለው። ሁለት ሰው የሚጎትተው መጋዝ አምጥቶ አንዱን ጫፍ ለእናቴ አስያዛት። 'አምላክሽን አንቺው ቁረጪው' አላት። ቀሚሷን ይዤ ቆሜ ነበር። ዛፉ እስኪወድቅ ጎተተች። ከዚያ እስክትሞት አንድ ቀን ስትጸልይ አላየኋትም። 'በየትኛው እጄ?' ነበር የምትለኝ።"

"ትእዛዝ ነበር" አለ ያኒጊት። "እምቢ ብል እኔ ነበርኩ የምታሰረው።"

"ዛፉን መቁረጡ ትእዛዝ ይሁን። መጋዙን ለእናቴ ማስያዙንስ? እሱንም ከሞስኮ ጻፉልህ?"

ያኒጊት ዓይኑን ወደ ካሜራው ሰረቅ አደረገ።

"መልስላት እንጂ" አሉ ኤፓናይ።

ያኒጊት ቆቡን አወለቀ። መላጣው በላብ ረጥቧል። "እሱ የራሴ ነው" አለ። "ወጣት ነበርኩ። ሰው ሲስቅልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ይቅር በይኝ።"

ሁሉም ኡናቪን አየ። እሷም ውስጧን ፈተሸች። ድካም አለ፣ ይሉኝታ አለ፣ ለልጇ መንሰፍሰፍ አለ። ይቅርታ ግን የለም። ጭራሽ ባሰባት፤ ያን ሁሉ ዓመት እናቷን የበላ ነገር በአንድ ትንፋሽ፣ ካሜራ ፊት፣ አለቀ?

"አልችልም" አለች። "ይኸው ልዋሽ ሞከርኩ፣ ዝይዋ እንኳ አላመነችኝም።"

"እንግዲህ ሕጉን ታውቂዋለሽ" አሉ ሽማግሌው፣ ቀስ ብለው።

"እኔ ነኝ የምወጣው? እሱስ?"

"እሱ ጠይቋል፣ ልጄ። ጥሉ አሁን ያለው አንቺ ጋ ነው።"

ኡናቪ ዝይዋን አፈፍ አድርጋ ልትወጣ ስትል ፒያልቼ መንገዷን ዘጋች። ከንፈሯ ጠቁሯል።

"ስጪኝ፣ እማ። እኔ ከማንም ጋር አልተጣላሁም።"

"እሱ በቆመበት ልትለምኚ?"

"ሰኞ ደረቴን ሊከፍቱት ነው። አንቺ ስለ አያቴ ተቆጪ፣ ልክ ነሽ። እኔ ግን መኖር እፈልጋለሁ።" ዝይዋን ከእናቷ እጅ ወሰደች። "ውጭ ጠብቂኝ።"

ኡናቪ ወጣች። ጀርባዋን ለአጥሩ ሰጥታ ቆመች። ውኃው ሲፈስ ሰማች፤ ከዚያ "ተቀበለ!" አለ ሕዝቡ። እርጥቡ ሣር ላይ ቁጭ አለች። አለቀሰች፣ ደስ ብሏት አለቀሰች፤ ደስታው ውስጥም ንዴቱ ይነዳል። ዛፍ ያስቆረጠው ከውስጥ ቆሟል፤ ዛፍ የተቆረጠባት ውጭ ተጥላለች። "ፍርድ ነው ይሄ?" አለች ወደ ሰማይ።

ሥጋው ከበሰለ በኋላ ፒያልቼ ገንፎና ሥጋ በሳህን ይዛላት ወጣች።

"ከእሱ ዝይ ጋር ነው የተቀቀለው?"

"ያው ከአንድ ድስት ነው የተጨለፈው፣ እማ። ብዪልኝ።"

ኡናቪ ሳህኑን አየችው፤ ልጇን አየቻት። ለልጇ ብላ ጎረሰች፣ ዓይኗ እንደቀላ፣ እያኘከች።

"አንቺ ትድኛለሽ" አለች። "እሱን ግን አልማርኩትም። ስትመለሺ ንገሪው።"

"እነግረዋለሁ" አለች ፒያልቼ፣ አጠገቧ እየተቀመጠች።